አውራ ጣት የማይደርስበት ማርሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 61 ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ቀፊራ ገበያ ድረስ በየቀኑ በብስክሌት እመላለሳለሁ። ዕድሜ ልኬን የነዳሁት ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ነበር፤ ባለፈው ዓመት ልጄ ባለ 21 ማርሽ የተራራ ብስክሌት ሰጠኝ። ማርሹ ከመሪው በላይ የተቀመጠ፣ በአውራ ጣት የሚገፋ ዓይነት ነው። መዳፌን ከመያዣው ካላነሣሁ ጣቴ አይደርስበትም፤ ስደርስበትም ይከብደኛል፤ ማታ ማታ የአውራ ጣቴ ሥር ይጠዘጥዘኛል። አንዱ ጠጋኝ መሪውን ከሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር እንቁረጠው ይለኛል። ሌላው ማርሹን አውጥተን በእጅ የሚጠመዘዘውን እናስገባ ይላል። እኔ ራሴ ላስጠጋው አስቤ ነበር፤ ግን ከቦታው ከተነቃነቀ የማርሹ ልክ ይዛባል ስላሉኝ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ መሪውን አያስቆርጡ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይመለሳል፤ የተቆረጠ ቱቦ ግን አይቀጠልም። ደግሞም መቁረጡ የእርስዎን ችግር ጨርሶ አይነካውም። ከጫፉ አምስት ሴንቲ ሜትር ሲነሣ የመያዣው ጎማ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ፍሬኑና ማርሹም ቦታ ለመልቀቅ ያንኑ ያህል ይገፋሉ። በመዳፍዎና በማንሻው፣ በአውራ ጣት በሚገፋው የማርሹ ክፍል፣ መካከል ያለው ርቀት የነበረው ነው። መሪ ማሳጠር የሚጠቅመው ትከሻው ጠባብ ሆኖ ክንዱ ከልክ በላይ ለሚዘረጋበት ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ዕቃዎቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሳምንት ያህል በጠባቡ ላይ ነድቶ ከሞከረ በኋላ መሆን አለበት። በዚያ ላይ የመሪው ቱቦ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት የለውም። እጅ በሚይዘው በኩል 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ መሀል ሲቃረብ 25.4 ወይም 31.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የፍሬኑና የማርሹ ቀለበቶች የተሠሩት ለቀጭኑ ክፍል ነው፤ ወፍራሙ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ቸኩሎ የቆረጠ ጠጋኝ ዕቃዎቹን የሚያስገባበት ቦታ አጥቶ የማርሹን ቀለበት በፒንሳ ሲፈለቅቅ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ማንሻውን ማነቃነቅ ልክ ያዛባል የተባሉትም ትክክል አይደለም። ከማንሻው እስከ ኋላው አሻጋሪ የሚሄደው ነገር ሁለት ነው። (አሻጋሪ የምለው ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ፣ ማለትም ከአንዱ ጥርሳም ክብ ወደ ሌላው፣ የሚያሻግረውን፣ ሁለት ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች ያሉትን ክንድ ነው።) በውስጥ የሚሳበው ቀጭን ካቦ አለ፤ በውጭ ካቦውን ያቀፈው ሽፋን አለ። ልኩን የሚወስነው የሁለቱ ርዝመት ልዩነት ነው። የሽፋኑ ጫፍ ማንሻው አካል ላይ የተሰካ ስለሆነ፣ ማንሻውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ቢያንሸራትቱት፣ በመሪው ዙሪያ ቢያዞሩትም ካቦውና ሽፋኑ አብረው ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ እንዳለ ይቆያል። የሚዛባው ሽፋኑ አጥሮ ሲወጠር ወይም አንድ ቦታ ላይ አለቅጥ ሲታጠፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ካስጠጉት በኋላ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ ያዙሩት። ሽፋኑ ካልተወጠረና ካልተቀጨ ልኩን አልነኩትም ማለት ነው። ጥቂት ቢዛነፍ እንኳን ካቦው የኋላው አሻጋሪ ውስጥ በሚገባበት ቦታ በጣት የምትዞር በርሜል መሳይ ዳዶ አለች፤ እሷን ሩብ ዙር ወዲያና ወዲህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል።

ጣትዎ የማይደርሰው ለምንድን ነው? ዕድሜ ልክዎን የነዱት ዓይነት ብስክሌት መሪው ወደ ነጂው የታጠፈ ነው። ሁለቱ እጆች የእጅ ጋሪ እንደሚገፋ ሰው መዳፋቸው ፊት ለፊት ይተያያል፤ የሚያርፉትም መሪው መጨረሻ ጫፍ ላይ ነው። የተራራ ብስክሌት መሪ ቀጥ ያለና ሰፊ ነው። እጅዎ ግን የድሮ ልማዱን ይዞ መጥቷል፤ ጫፉን ይፈልጋል። ሳላይዎት እንዴት እንዳወቅሁ ከጠየቁኝ፣ ከባለ አንዱ ማርሽ ወደ ባለ ብዙው የተሻገረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲሁ ያደርጋል። ማረጋገጫው እዚያው ብስክሌትዎ ላይ አለ። የመያዣውን ጎማ ይመልከቱ፤ ላብና አቧራ ያጠቆረው፣ ጥርሱም የተበላው በውጭ በኩል ሆኖ በውስጥ በኩል ያለው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አዲስ መስሎ ከቀረ፣ አውራ ጣትዎ ከማንሻው የራቀው በዚያው ልክ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት የላብ ምልክት አይዋሽም።

ሁለተኛው ምክንያት የአገጣጠሙ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ብስክሌቶች ከመያዣው ጎማ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ከፍሬኑ ቀጥሎ የማርሹ ማንሻ ታስሮባቸው ይመጣሉ። የፍሬኑ ቀለበት መሀል ገብቶ ቦታውን ይይዝና ማንሻውን ከአውራ ጣት ያርቀዋል። ትልቅ እጅ ያለው ወጣት ላያስተውለው ይችላል። ሌላ ሰው በእያንዳንዱ ቅያሪ መዳፉን ነቅሎ ይዘረጋል፤ በቀን አርባ ሃምሳ ጊዜ ሲሆን የጣት ሥር ቢጠዘጥዝ አይገርምም።

እንግዲህ እጅን ወደ ማርሽ መውሰድ ይቅርና ማርሹን ወደ እጅ እናምጣው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ መጨረሻ ላይ ማርሽ። ብዙ ሰው ከማርሹ ይጀምርና ፍሬኑን በተረፈው ቦታ ያስረዋል። ያ አደገኛ ነው። ማርሽ ቢዘገይብዎ ትንሽ ይደክማሉ እንጂ አይወድቁም፤ ፍሬን ሲዘገይ ግን ባጃጅ ስር ይገባሉ።

ልጅዎ ከፊት ቆሞ ብስክሌቱን ይያዝልዎ። ይቀመጡ፣ ዐይንዎን ይጨፍኑ፣ እጅዎን መሪው ላይ ጣል ያድርጉ። ዐይንዎን ሲገልጡ የመዳፍዎ ውጫዊ ጠርዝ ከጎማው ጫፍ ተርፎ ከወጣ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይሰብስቡትና ያረፈበትን በጠመኔ ያስምሩ። ከዚያ የፍሬኑን ቡሎን ያላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በባለ ስድስት ማዕዘን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈታል፤ ርካሹ በካቻቪቴ ነው። ጣቶችዎን በፍሬኑ እጀታ ላይ ሲዘረጉ የእጅዎ ጀርባና ክንድዎ ቀጥ ያለ አንድ መስመር እስኪሠሩ ድረስ ፍሬኑን ወደ ታች ያዘንብሉት። እጀታው አግድም ከሆነ አንጓዎ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ ከልክ በላይ ካዘነበለ ወደ ታች ይሰበራል። ወደ ጎን ደግሞ አመልካች ጣትና የመሀል ጣት በእጀታው ጫፍ አካባቢ እንዲያርፉ ወደ ውስጥ ያስገቡት፤ ከጫፉ ሲሳብ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይይዛል። ጣትዎ አጭር ከሆነ በፍሬኑ እጀታ ሥር ትንሽ ቪት አለች፤ ስትጠብቅ እጀታውን ወደ መሪው ታስጠጋዋለች። ካስጠጉት በኋላ ባለ በሌለ ኃይልዎ ጨብጠው ይሞክሩ፤ እጀታው መሪውን ከነካ በጣም አስጠግተውታል፤ ይመልሱት።

አሁን ቅደም ተከተሉን ለመቀየር የመያዣው ጎማ መውጣት አለበት። በቢላ አይቅደዱት። አሮጌ ራጂ (የብስክሌት ጎማ ሽቦ) ጫፏን አሙልሙለው፣ በጎማውና በቱቦው መካከል አስገብተው ዙሪያውን ያላቅቁት፤ በክፍተቱ የሳሙና ውኃ በመርፌ ሲሪንጅ ይጨምሩበትና እየጠመዘዙ ይሳቡት። ሲመልሱትም በዚያው በሳሙና ውኃ ይግባ፤ እዚህ አገር ሙቀት በአንድ ሌሊት ይደርቃል። ዘይት ወይም ግራሶ ግን በፍጹም እንዳያስገቡ። በሙያው መጀመሪያ ዓመታት ቶሎ እንዲገባልኝ ብዬ ዘይት ቀብቼ ያስገባሁት ጎማ ደንበኛው ገና ከደጄ ሳይርቅ እጁ ላይ ተሽከርክሮ ጣለው። ክርኑ ተላጠ፤ እኔ ደግሞ የኔ ጥፋት መሆኑን ነግሬው ጎማውን በነጻ ቀየርኩለት። ዘይት የገባበት ጎማ በአልኮል ካልተጠረገ ወር ቢቆይም አይዝም።

ጎማው ከወጣ በኋላ ማርሹንና ፍሬኑን አውጥተው በመጀመሪያ ፍሬኑን፣ ቀጥሎ ማርሹን ያስገቡ፤ በመጨረሻ ጎማውን። ያን ጊዜ ማንሻው ከመያዣው ጎን ለጎን ይሆናል፤ ፍሬኑም ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ ባሰመሩት መሠረት ጣቶችዎ የእጀታው ጫፍ ላይ መሆናቸውን ደግመው ይዩ። ከዚያ ማንሻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቦታ ገፍተው፣ በየቦታው ላይ እያለ ፍሬኑን ይጨብጡ። ማንሻው የፍሬኑን አካል ከመታ ወይም የፍሬኑን ካቦ ከገፋ፣ በሁለቱ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ፍሬኑና ማርሹ በአንድ አካል የተሠሩ ሆነው ካገኟቸው ይህ ቅያሪ አይቻልም፤ ያን ጊዜ የሚቀርልዎ ሁለቱንም አንድ ላይ ማንሸራተትና ማዞር ነው። እርስዎ የገለጹት ከመሪው በላይ የሚቀመጠው ዓይነት ግን በአብዛኛው ለብቻው ነው።

የማንሻው ማዘንበል ላይ ጊዜዎን ይስጡ፤ ምቾቱ ያለው እዚህ ነው። መዳፍዎን ሳያነሡ አውራ ጣትዎን በባዶው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙት፤ ጣትዎ አየር ላይ መንገድ ይሥላል። ማንሻው በዚያው መንገድ ላይ እንዲሄድ ቀለበቱን በመሪው ዙሪያ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩት። ሽቅብ ከበዛ ጣትዎ ለመድረስ ይሰቀላል፤ ቁልቁል ከበዛ ሲገፉ አንጓዎ ይከተላል። በጣት ጫፍ ለመግፋት አይሞክሩ፤ በጣቱ ሆድ፣ ወደ መታጠፊያው ጠጋ ባለው በኩል ይግፉ። ለመመለስ ደግሞ አውራ ጣት አያስፈልግዎም፤ በአመልካች ጣት ጎን ወደ ራስዎ መሳብ ይበቃል። የአውራ ጣትን ድካም በግማሽ የሚቀንሰው ይህ ትንሽ ልማድ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

ብዙ መካኒክ ማንሻውን መሀል ማርሽ ላይ አድርገህ አስተካክል ይላል። እኔ አልስማማም። የሚነዱት ማርሽ ላይ አድርገው ያስተካክሉት። የቀኙ ማንሻ የኋላዎቹን ሰባት ጥርሶች ያዛል፤ ወደ ፊት ሲገፉት ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ ጥርስ ይወጣና ፔዳሉ ይቀላል። ከሳቢያን ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ቀፊራ የሚደርስ ሰው መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ፣ ሰባቱን ሁሉ አይነካቸውም፤ ሲነሣ ሦስተኛ፣ ሲጓዝ አራተኛና አምስተኛ። ማንሻው በእነዚህ ሦስቱ ላይ ሲሆን ጣትዎ ሥር ይሁን፤ አንደኛው ላይ ሲደርስ ጥቂት ቢርቅ ምንም አይደለም። ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ ሐረር የሚሄድ ሰው ቢሆኑ ተቃራኒውን እመክርዎት ነበር፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ያን ዳገት የሚወጣ ሰው ውሎው አንደኛና ሁለተኛ ላይ ነው።

የግራውን ማንሻ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ መሀለኛው የፊት ጥርስ ላይ ያድርጉትና ይርሱት። የግራው ሲገፋ ፔዳሉን ያከብዳል፤ የቀኙ ሲገፋ ያቀላል። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሁለት ተቃራኒ ውጤት ስላለው ለማርሽ አዲስ የሆነን ሰው ሁሉ ግራ ያጋባል። ለእርስዎ መንገድ ሰባቱ የኋላ ጥርሶች ከበቂ በላይ ናቸው፤ አንድ አውራ ጣት ሙሉ በሙሉ ያርፋል።

ማስጠጋቱ ግን ግማሹን ችግር ብቻ ነው የሚፈታው። «ስደርስበትም ይከብደኛል» ያሉት ሌላ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ማንሻው ራቀኝ የሚለው የከበደው ስለሆነ ነው። ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ሰንሰለቱን ትንሹ ጥርስ ላይ ያድርጉ፤ ካቦው የኋላው አሻጋሪ ላይ የተያዘበትን ቦታ በብዕር ምልክት አድርገው ቡሎኑን ያላሉ። አሁን ካቦውን በጣትዎ ይዘው ወጠር እያደረጉ ልጅዎ ማንሻውን ይግፋ። ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ሲሄድ ከርከር የሚልዎ ወይም የሚይዝ ከሆነ ጥፋቱ የካቦው ነው። ካቦው ጨርሶ ለቆ እያለ ማንሻው ራሱ ከከበደ ጥፋቱ የማንሻው ነው። ሁለቱም ቀልለው ከተገኙ አሻጋሪውን በእጅዎ ወደ ውስጥ ገፍተው ይልቀቁት፤ ሞላው ቶሎ ካልመለሰው መታጠፊያዎቹ በአቧራ ደርቀዋል ማለት ነው፤ በብሩሽ አጥበው አንዳንድ ጠብታ ዘይት ይስጧቸው።

ከእኔ ዘንድ ከሚመጡት «ከባድ ማርሾች» አብዛኞቹ የካቦ ናቸው። ከደቻቱ አሸዋ ንፋስ የሚያነሣው ደቃቅ አቧራ ሽፋኑ ውስጥ ይገባና ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ሞረድ ይሆናል። ስለዚህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካቦ ላይ የሚያፈሱ ሰዎች ለሁለት ቀን ያቀሉታል፤ በሦስተኛው ሳምንት ከቀድሞው ይብሳል። የደረቀ ጨርቅ ላይ ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት ነክረው ካቦውን ማበስ ይበቃል። ካቦው ከተላላጠ፣ ከዛገ ወይም አንዲት ቀጭን ጅማት ከተበጠሰች ግን ዘይት አያድነውም፤ ከነሽፋኑ ይቀየር። ሽፋኑን ሲቆርጡ ጫፉ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ይሁን፤ የተጨፈለቀ አፍ ካቦውን ያንቃል፤ ከዚያ ትንሿ ቆብ ትግባበት። አሻጋሪው ጋ ያለው የመጨረሻው ቁራጭ ሽፋን በተለይ ይታይ። ከሁሉ ወደ መሬት ቅርብ ስለሆነ አቧራም ውኃም የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ አለቅጥ ካጠረ ይቀጫል፤ አለቅጥ ከረዘመ ራቅ ብሎ ወጥቶ እሾህም እግርም ይይዘዋል።

ስለ ሽፋን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን ለጠጋኝዎም ይንገሩት። የማርሽ ሽፋንና የፍሬን ሽፋን አንድ አይደሉም። የማርሹ በውስጡ ቀጥ ብለው ርዝመቱን ተከትለው የሚሄዱ ሽቦዎች አሉት፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር፣ የሚገባበት ካቦ 1.1 ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። የፍሬኑ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ በአብዛኛው 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ካቦ ይይዛል። የፍሬን ሽፋን ለማርሽ ቢገባ ሲጫን ጥቂት ስለሚተኛ ልኩ አይገኝም፤ ቀኑን ሙሉ ያቺን በርሜል ሲያዞሩ ይውላሉ። ከዚህ የሚከፋው ግልባጩ ነው። የማርሽ ሽፋን ለፍሬን ቢገባ፣ በኃይል በተጨበጠ ቀን ሽቦዎቹ ጎኑን ቀድደው ይወጣሉ፤ በኃይል የሚጨበጠው ደግሞ ሕፃን መንገድ ላይ የገባ ዕለት ነው።

ጥፋቱ የማንሻው ሆኖ ከተገኘ ዓይነቱን ይለዩ። በየቦታው ቀጭ የሚል ከሆነ በውስጡ ትንንሽ ሞላና ጥርስ አለ፤ አይፍቱት። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ጠቅታ ያለው አሠራር ለገበያ ካወጣ ወዲህ ብዙ ብልህ እጆች ከፍተውት መግጠም አቅቷቸዋል። በስንጥቆቹ ቀጭን ዘይት አንጠባጥበው ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲህና ወዲያ ያመላልሱት፤ የደረቀው ግራሶ ይላላል። የግራው አብዛኛውን ጊዜ ጠቅታ የለውም፤ ቦታውን የሚይዘው በመፋተግ ነው። መሀሉ ላይ ያለችው ቪት ስትጠብቅ ማንሻው ይከብዳል፤ ስትላላ ደግሞ የአሻጋሪው ሞላ ይስበውና ማርሹ በራሱ ይቀየራል። ትክክለኛው ቦታ በራሱ ከመቀየር ጥቂት የጠበቀው ነው። ሊፈቱት ከፈለጉ የሮንዴላዎቹን ቅደም ተከተል በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይጀምሩ።

ማንሻውን በብየዳ ስለማስረዘም አልጠየቁኝም፤ ግን አንዱ ሊመክርዎ ስለሚችል አስቀድሜ እላለሁ፤ አያስደርጉት። የረዘመ ብረት በወደቁ ጊዜ ጉልበት ይወጋል፤ አሉሚኒየሙም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ጥቂት ማወፈር ከፈለጉ ከአሮጌ ካላማዳሪ ላይ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው ማንሻውን ጠቅልለው በማጣበቂያ ይያዙት። ጣት አይንሸራተትበትም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የነበረ ብረትም አያቃጥልም።

በእጅ የሚጠመዘዘውን በተመለከተ፣ ለእርስዎ አልመርጠውም። አውራ ጣትን ያሳርፋል መባሉ በከፊል እውነት ነው፤ ግን ሥራውን ወደ አንጓና ወደ ጠቅላላ ጭብጥ ያዛውረዋል። ላብ ባለበት እጅ ደግሞ ለመጠምዘዝ አጥብቆ መጨበጥ ይጠይቃል፤ የሚጠዘጥዝ የጣት ሥር የሚጠላው ይህንኑ ነው። ከመሪው በታች ተቀምጦ በአጭር ግፊት የሚቀይረው ዓይነት የተሻለ ምርጫ ነው፤ ከኋላው ሰባት ጥርስ ጋር የሚሠራ መሆኑን ግን ሲገዙ ይጠይቁ። ገንዘብ ላወጣ ካሉ ግን ሁለቱንም ትቼ መሪውን ወደ እርስዎ በታጠፈ መሪ እንዲቀይሩት እመክራለሁ፤ የድሮ ብስክሌትዎን የሚመስለውን። ጫፉ 22.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ የአሁኖቹ ዕቃዎች ሁሉ ይገቡበታል፤ መሀሉ መሪውን ከሚይዘው ክፍል ጋር እንዲስማማ የአሁኑን መሪ በካሊበር ለክተው ይሂዱ። ሽፋኖቹና ካቦዎቹ አጥረው መቀየር ሊኖርባቸው ይችላል፤ ያንን ወጪ አብረው ያስቡት። እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የተቆለመመ መሪ ግን አይግዙ፤ በእጅ መያዣው በኩል 23.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የእርስዎ ማንሻ ቀለበት አይገጥምበትም።

ስለ ሕመሙ የምችለውን ብቻ ልናገር። መቀመጫዎ አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነትዎ ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደቱ ሁሉ መዳፍዎ ላይ ይወድቃል፤ የግንበኛ ውኃ ልክ አስቀምጠው ይዩት፤ አግድም ይሁን። መሪው ከመቀመጫው ዝቅ ካለም እንዲሁ። በሚነዱበት ጊዜ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚደነዝዙ ከሆነ ጥፋቱ የማርሹ አይደለም፤ በመዳፍ ጠርዝ የሚያልፈው ነርቭ እየተጫነ ነው፤ መፍትሔውም ክብደቱን ከእጅ ማንሣት ነው። የጣት ሥር ሕመሙ ግን ማርሹ ከተስተካከለ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላም ካልለቀቀ፣ ወይም ጀበና ሲያነሡና ልብስ ሲጨምቁ ጭምር ከወጋዎ፣ ሐኪም ይይዎት። የእኔ ካቻቪቴ እዚያ ድረስ አይደርስም።

ስለዚህ ዛሬ የሚያደርጉት ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ይቀይሩ፣ ፍሬኑንና ማንሻውን እጅዎን ተከትለው ያዘንብሉ፣ ካቦውን ይፈትሹ። ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም አያውጡ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያንኑ መንገድ ነድተው፣ የሚቀይሩት ነገር ካለ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይቀይሩ፤ ብዙ ነገር በአንድ ላይ የነካካ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። የማርሹን ቡሎን ሲያጠብቁ ባለ በሌለ ኃይልዎ አይሁን፤ ብስክሌቱ ቢወድቅ ማንሻው ከመሰበር ይልቅ ዞር እንዲል ማድረግ ይሻላል። የፍሬኑ ግን በእጅ ሲገፋ ንቅንቅ አይበል። በሳምንቱ ሁሉንም አንዴ ደግመው ይፈትሹ፤ አዲስ የተያዘ ቡሎን ትንሽ ይላላል። ነገ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ደግሞ ሁለቱንም የመያዣ ጎማዎች በሙሉ ጭብጥዎ ወዲህና ወዲያ ይጠምዝዟቸው፤ አንዱ እንኳን ከዞረ የሳሙናው ውኃ ገና አልደረቀምና በእግርዎ ይሂዱ።